የምላስ ካርታ

በኦንላይን ትምህርት ውጤታማ ለመሆን የመጀመሪያው ነገር ጸጥ ያለ ቦታ መምረጥ ነው ይላል ኮሌጁ። ይህን ያለው ሰው አባቴን አያውቃቸውም። ቢያውቃቸው ኖሮ «የመጀመሪያው ነገር አባትሽን ዘመድ ቤት መላክ ነው» ብሎ ይጽፍ ነበር።

ኮሌጁ ዋናውን ትምህርት ከማስጀመሩ በፊት ለሁላችንም አንድ አጭር ኮርስ ይሰጣል፤ እንዴት ጎበዝ የኦንላይን ተማሪ መሆን እንደሚቻል የሚያስረዳ። የምታስተምረው በቪዲዮ የተቀረጸች ወጣት ናት። ስትስቅ ጀምራ ስትስቅ ትጨርሳለች። ስሟን ስላልያዝኩት ፈገግታ ብያታለሁ። ፈገግታ ከኋላዋ ነጭ ግድግዳና አንድ የአበባ ማስቀመጫ አላት፤ ሌላ ምንም የላትም። አባት የላትም፣ ወንድም የላትም፣ ሽንኩርት ልበደር ብላ በር የምታንኳኳ ጎረቤት የላትም። «የጥናት ሰዓትዎን ለቤተሰብዎ በግልጽ ያስረዱ፤ ይተባበሩዎታል» ትላለች። እሺ ብዬ አስረዳሁ። አባቴ በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ «መልካም፤ እኔም በዚያ ሰዓት ሌላ ቀጠሮ አልይዝም» አሉኝ።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ሳይንስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡት ከደመወዝ ነው እንጂ ከማስተማር አይደለም። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ይላቸዋል። ዳቦ ሊገዙ ሄደው ለዳቦ ጋጋሪው ስለ እርሾ አስረድተው ይመለሳሉ፤ ዳቦውን ይረሱታል። ቤት ውስጥ አምፖል ሲቃጠል አምፖሉ ከመቀየሩ በፊት ለምን እንደተቃጠለ በጨለማ እንማራለን።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ወጥ ቤት ነው። የስኳር ታማሚው፣ የኩላሊት ታማሚው፣ ትናንት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ሁሉም የየራሱ ትሪ አለው፤ ትሪ ከተሳሳተ ሰው ይጎዳል። ኃላፊያችን ጡረታ ሲወጡ ቦታውን በተጠባባቂነት ያዝኩት። አስተዳደሩ ጠርቶ ሳይሸፋፍን ነገረኝ፦ እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ በሥነ ምግብ ዲፕሎማ ካመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው፣ ካላመጣሽ ማስታወቂያ እናወጣለን። ማስታወቂያ ከወጣ ደግሞ ድስት ሲገነፍል አይቶ የማያውቅ ሰው ይመጣና እኔ ወደ ምድጃው እመለሳለሁ፤ ትሪዎቹንም እሱ ያዛል። ቀን ሥራ፣ ማታ ድካም ስለሆነ ኮሌጅ ተመላልሶ መማር የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ኦንላይን ገባሁ። አባቴም አብረውኝ ገቡ።

የሥነ ምግብ መምህራችን በቀጥታ ነው የሚያስተምረው። ክፍሉን ሁልጊዜ የሚጀምረው «ይሰማል ወይ?» ብሎ ስለሆነ በቤታችን ስሙ ይሰማል ወይ ሆኖ ቀረ። እሱ «ይሰማል ወይ?» ሲል እኔ ማይኬን ከማጥፋቴ በፊት አባቴ ከበስተኋላዬ «ይሰማል፣ ቀጥል!» ይላሉ። ወንበራቸውን አምጥተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ክንዳቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ፤ አዲስ መምህር ሊገመግም የመጣ ሱፐርቫይዘር ነው የሚመስሉት። መምህሩ ስም አይጠራም ብለው ይናደዳሉ። ስክሪኑ ላይ ካሜራቸውን ያጠፉ ተማሪዎች ጥቁር ሳጥን ሆነው ሲደረደሩ ሲያዩ፣ ይህ ሰው በጨለማ ነው እንዴ የሚያስተምረው ብለው ያዝኑለታል። መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ ዝም ሲባል ደግሞ አይችሉም፤ ይመልሳሉ።

አንድ ቀን ማይኬን ማጥፋቴን ረስቼ አባቴ ስለ ጨጓራ አሲድ ያስረዱትን ክፍሉ በሙሉ ሰማው። ይሰማል ወይ ሳቅ እያለ «ከኋላ ያሉት አባት ትክክል ናቸው» አለ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው። በሚቀጥለው ክፍል ክራቫት አስረው መጡ። የክፍል ጓደኞቼ ቻት ላይ «የአባትሽ ክፍለ ጊዜ መቼ ነው?» እያሉ ይጽፉልኛል። እኔ ፈገግታን አሰብኳት። «ትኩረትዎን የሚሰርቁ ነገሮችን ያስወግዱ» ብላ ነበር። እስቲ እሷ ትምጣና ታስወግድ።

ሌላም ጣጣ አለብኝ፤ ይህኛው ከልጅነቴ የመጣ ነው። በቤታችን ጥያቄ በዓይን ብቻ አይነበብም። አባቴ እኔንና ወንድሜን ያሳደጉን «ጆሮ ያልሰማውን ጥያቄ ጭንቅላት አይመልሰውም» እያሉ ነው። የቤት ሥራ ስንሠራ እሳቸው ሌላ ክፍል ሆነው ይሰሙናል፤ ድምፃችን ከጠፋ ተኝተናል ማለት ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ያነበብኩት ነገር አይገባኝም። ሆስፒታል ውስጥ የምግብ ትእዛዙን ሳነብ ሠራተኞቹ «ጸሎቷን ጀመረች» ይሉኛል።

ካስተማሩት ሁሉ አባቴ የሚወዱት የምላስን ትምህርት ነበር። ሰሌዳው ላይ በቀይ ጠመኔ ትልቅ ምላስ ይስሉና ይከፋፍሉታል፤ ጫፉን ለጣፋጭ፣ ጎኖቹን ለጨውና ለኮምጣጣ፣ ኋላውን ለመራራ። ከዚያ የስኳር ውሃ፣ የጨው ውሃ፣ ሎሚና ቡና በየብርጭቆው ያሰልፋሉ። እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልለው እየነከሩ የተማሪውን ምላስ ይነካሉ። ስኳሩን ጫፍ ላይ ሲያስነኩ «የት ጣፈጠህ?» ይላሉ፤ ልጁ «ጫፉ ላይ ቲቸር» ይላል። ያንኑ ስኳር ወደ ኋላ ወስደው ሲያስነኩ ደግሞ «ምንም የለም ቲቸር» ይላል። «ጎበዝ፣ ተቀመጥ።» በእሳቸው እጅ ያለፈ ሰው ይህን ትምህርት አይረሳም። ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ ያንን ምላስ በቀለም አስስሎ፣ በመስታወት አስገብቶ ሸለማቸው። አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የማያውቅ እንግዳ ሲመጣ የጫማ ሶል ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ለመውጣት ሲቸኩል አይሳካለትም።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ። ተራዬ ደርሶ ስኳሩን ከምላሴ ኋላ ሲያስነኩኝ ጣፈጠኝ፤ ጣፈጠኝ አልኩ። ደግመሽ ቅመሺ አሉኝ። ደግሜ ቀመስኩ፤ አሁንም ጣፈጠኝ። የቲቸር ልጅ ነኝ ብላ ታሾፋለች ብለው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙረው አቆሙኝ። ሌላ ልጅ ተቀጥቶ ሲቆም ትንሽ ቆይቶ «በል ተቀመጥ» ይባላል። እኔን አላሉኝም። ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ ወጡ፣ እሳቸው ሰሌዳውን አጠፉ፣ ብርጭቆዎቹን ሰበሰቡ፣ እኔ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ «ነይ እንሂድ» አሉኝና መንገዱን ሙሉ ሳንነጋገር ወደ ቤት ሄድን። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ነገሩን ስትሰማ «አባትሽን ከማረም ድንጋይ መቀቀል ይቀላል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አርሜያቸው አላውቅም።

እና አንድ ቀን፣ አባቴ የጡረታ ጉዳይ ሊጨርሱ ወጥተው ሳለ፣ ይሰማል ወይ ስለ ጣዕም ማስተማር ጀመረ። ብዙዎቻችሁ ትምህርት ቤት ምላስ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ተምራችኋል፤ እሱን እርሱት፣ ስህተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፣ ጣዕም የሚለዩት ሴሎች ሁሉም የምላስ ክፍል ላይ አሉ፣ ሁሉም ሁሉንም ይቀምሳሉ አለ። አለፈ ወደ ሌላ ርዕስ። እኔ ግን አላለፍኩም። ላፕቶፑን ዘግቼ ሳሎን ሄድኩና ስዕሉን አየሁት። መስታወቱ ላይ አቧራ የለም፤ በየሳምንቱ ራሳቸው ናቸው የሚወለውሉት። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ስሜት ድል ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ፍርሃት መጣ። ይህ ለማን ይነገራል? ሲመለሱ ዛሬ ምን ተማራችሁ ብለው ጠየቁኝ። ኔትወርክ አልነበረም አልኳቸው።

የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። ፈተናው በካሜራ ነው። ተማሪው ብቻውን በተዘጋ ክፍል ይቀመጣል፤ ካሜራው ያያል፣ ማይኩ ይሰማል፣ የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ ፈተናው ይያዛል፣ ተማሪው መረዳዳቱ ከተረጋገጠ ከኮሌጁ ይሰናበታል። የተባለውን ሁሉ ለአባቴ አስረዳሁ፤ አንድ ቃል እንኳ ብትወጣ አለቀልኝ አልኳቸው። ሕፃን ነኝ እንዴ ብለው ተቀየሙኝ። ቅያሜያቸውን አላመንኩትምና ከወንድሜ ጋር መከርን። ወንድሜ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ ከፀጉር ቆራጩ አጠገብ ናት። ፀጉር ቆራጩ ደግሞ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። እሱና አባቴ ከተገናኙ በቀላሉ አይላቀቁም። ስለዚህ በፈተናው ቀን ወንድሜ አባቴን ፀጉር ሊያስቆርጥ ይዟቸው ወጣ። እኔ መኝታ ቤቴን ቆለፍኩ፣ ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ፣ ፈገግታን በልቤ አመሰገንኳት። ጸጥ ያለ ቦታ አገኘሁ።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ፀጉር ቆራጩ ልጁ አሞት ሱቁን አልከፈተም። ወንድሜም ደንበኛ ጠርቶት ነበርና «እዚህ ይቆዩኝ» ብሎ አባቴን ሱቁ በር ላይ ጥሏቸው ሄደ። አባቴ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ልጄ ፈተና ላይ ናት፣ በሩን የሚጠብቅላት ሰው የለም ብለው አሰቡ። ወደ ቤት መጡ። እንዳይረብሹኝ ጫማቸውን ውጭ አወለቁ። ሽንኩርት ልበደር ብላ የመጣችውን ጎረቤት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው መለሷት። ከዚያ ወንበር ይዘው መጥተው መኝታ ቤቴ በር ላይ ዘብ ተቀመጡ። አላስነጠሱም፣ አላሳሉም። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም።

ፈተናው ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። ከዚያ አንዱ ጥያቄ መጣና እንደ ልማዴ በለሆሳስ አነበብኩት። «ስለ ምላስና ስለ ጣዕም ትክክል የሆነው የትኛው ነው?»

ከበሩ ኋላ፣ ቀስ ባለ፣ ማንንም ላለመረበሽ በተጠነቀቀ ድምፅ መልስ መጣ።

«ጫፉ ጣፋጭ፣ ጎኑ ጨውና ኮምጣጣ፣ ኋላው መራራ። ተረጋግተሽ ሥሪ።»

የስክሪኑ ዳር ቀላ፤ ማይኩ ድምፁን ይዞታል ማለት ነው። አባቴ ያሉት መልስ «ሀ» ላይ ቃል በቃል ተጽፏል፤ ፈታኞቹ ለማጥመድ ያስገቡት ነው። እኔ «ሐ»ን ነካሁ፤ ሁሉም የምላስ ክፍል ሁሉንም ጣዕም ይለያል የሚለውን። የቀሩትን ጥያቄዎች እንዴት እንደሠራሁ አላስታውስም። ስጨርስ በሩን ከፈትኩ። አባቴ በካልሲ ቆመው ፈገግ ብለዋል።

«አገኘሽው አይደል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን ሁሉ ባልጽፈው ይሻላል። ጮህኩ። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ሥራዬን፣ ትምህርቴን፣ ድካሜን ሁሉ ቆጠርኩላቸው። አንድ ቃል እንዳይወጣዎት ብዬ ለምኜ አልነበረም ወይ አልኳቸው። ጭራሽ ያልጠበቁት ነገር እንደሆነባቸው ፊታቸው ይናገራል።

«ግን ለምን መለሱ አባባ? ለምን?» አልኩ በመጨረሻ።

«ጥያቄ ሰማኋ» አሉ። «ጥያቄ ሰምቶ ዝም የሚል መምህር አለ እንዴ?»

ይህን የመሰለ ሰው ምን ይደረጋል? በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከንዴቴ ሁሉ የባሰኝ ደግሞ የነገሩኝ መልስ ስህተት መሆኑ ነበር። ሰው ለስህተት መልስ ከኮሌጅ ይባረራል?

የኮሌጁ መልእክት ብዙም ሳይቆይ መጣ። በፈተናው ወቅት የሌላ ሰው ድምፅ ተሰምቷል፣ ውጤትሽ ተይዟል፣ በኮሚቴ ፊት በቪዲዮ ቀርበሽ ታስረጃለሽ፣ ድምፁ የተሰማው ሰውም ይቅረብ ይላል። ወንድሜ ጥፋተኝነት ስለተሰማው ሮጦ መጣና ሬዲዮ ነው በያቸው ብሎ መከረኝ። አባቴ ከሳሎን ሰምተውት «ድምፄን ሬዲዮ ልታደርጉት ነው?» አሉ። እሳቸው ራሳቸው እንደሚቀርቡ፣ የሠሩትን እንደሚናገሩ፣ በሕይወታቸው ኮሚቴ ፈርተው እንደማያውቁ ነገሩን።

ወንድሜን ወደ ጓሮ ወስጄ እውነቱን ነገርኩት። የሚያድነኝ አንድ ነገር ነው፤ አባባ የነገሩኝ መልስ ስህተት ነው፣ እኔም አልወሰድኩትም። ወንድሜ ፊቱ በራ፤ ታዲያ ይህን ንገሪያቸው አለኝ። ለኮሚቴው ወይስ ለአባባ አልኩት። በመስኮት ወደ ሳሎን አየን፤ አባቴ ስዕሉን እየወለወሉ ነው። አንተ ንገራቸው አልኩት። ወንድሜ ሱቅ ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት ብሎ ሄደ። እኔም ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ ስል ቀኑ ደረሰ። መልሱ መዝገባቸው ላይ አለ፤ ራሳቸው ያዩታል፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ነገሩ ያልፋል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አባቴ ኮሚቴ በመኝታ ቤት አይቀበልም ብለው ሳሎን እንድንቀመጥ አዘዙ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ስዕሉ ልክ ከኋላችን ሆነ። ማዞር ፈለግሁ፤ ፀሐይ ፊታችን ላይ ትመጣለች አሉኝ። ስክሪኑ ተከፈተ። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። አጠገባቸው ባለው ሳጥን የሚታየው መምህራችን ይሰማል ወይ ነው። ሦስተኛው አባል ካሜራውን አልከፈተም። አባቴ ያ ሰው ለምን ተደበቀ ብለው ጠየቁኝ፤ ሁሉም ሰማ።

ሰብሳቢዋ ሰላምታ ሲሰጡ አባቴ ብድግ አሉ። በእሳቸው ዘመን ኮሚቴ ፊት ተቀምጦ የሚናገር የለም። ካሜራው ላይ የቀረው ቀበቷቸውና የክራቫታቸው ጫፍ ብቻ ነው። ሰብሳቢዋ ፊትዎን ማየት ያስፈልገናል ብለው ለምነው አስቀመጧቸው። ከዚያ ድምፁ በደንብ አልተቀረጸም፣ በፈተናው ጊዜ ምን ነበር ያሉት ብለው ጠየቁ።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዞር ብለው በጣታቸው ስዕሉን እያመለከቱ ጫፉን፣ ጎኑን፣ ኋላውን፣ ሁሉንም አስረዱ። ስኳሩንና ጥጡንም ጨመሩበት። ይሰማል ወይ ግንባሩን በእጁ ያዘ።

«መልሱን ነገሯት ማለት ነው» አሉ ሰብሳቢዋ። አባቴ አዎ፣ ነገርኳት፣ ጥፋቱም የእኔ ነው፣ እሷ አልጠራችኝም አሉ። እስከዚህ ድረስ ልቤ ተነክቶ ነበር። ከዚያ ሰብሳቢዋ እሷስ ያንን መልስ መረጠች ወይ ብለው ጠየቁ።

«መርጣለች እንጂ!» አሉ አባቴ በኩራት። «እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኳት።»

ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን አነሱ። እንግዲያው ሌላ የምንጠይቀው የለም አሉ። እኔ ትሪዎቹን አሰብኩ፣ ምድጃውን አሰብኩ። ከሁሉ በላይ ግን በገዛ አባቴ ኩራት መባረሬ አንገበገበኝ።

«አልመረጥኩም» አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። «አባባ፣ ያሉኝን አልመረጥኩም። ስህተት ነው።»

ይሰማል ወይ ወረቀቴን ከፍቶ አየና እውነቷን ነው፣ «ሐ»ን ነው የመረጠችው፣ ትክክለኛው እሱ ነው አለ። የምላስ ካርታ የሚባለው ነገር ስህተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል ብሎ በትሕትና ጨመረ። አባቴ እሱን አላዩትም። እኔን ነው የሚያዩኝ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ያ የተደበቀው ሦስተኛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ተስማምተው የሚሠሩ ሰዎች አይተናል አለ፤ ውጭ ያለው ሰው የተሳሳተውን ይናገራል፣ ውስጥ ያለው ያንን ትቶ ሌላውን ይመርጣል። አባት ስህተት መሆኑን አውቀው ከተናገሩ ይህም መረዳዳት ነው። ሰብሳቢዋ ወደ አባቴ ዞሩ።

«አባት፣ ሲነግሯት ስህተት መሆኑን ያውቁ ነበር?»

አባቴን ስለማውቃቸው ፈራሁ። ከዚህ ውርደት ማምለጫ በር ተከፈተላቸው። አዎ፣ አውቄ ነው፣ ልፈትናት ብዬ ነው ቢሉ ክብራቸው ይተርፋል፤ እኔ እባረራለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ደግሞ ከዚህ በጠበበ በር ሁሉ ሲያመልጡ አይቻቸዋለሁ።

አባቴ እንደገና ብድግ አሉ። በዚህ ጊዜ ማንም ተቀመጡ አላላቸውም።

«አላውቅም ነበር» አሉ። «ትክክል ነው ብዬ ነው። ለስንቱ ልጅ ትክክል ነው ብዬ አስተምሬዋለሁ። ተሳስቻለሁ።» ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «ልጄ አልሰማችኝም። ይኸው ይጻፍልኝ፤ አልሰማችኝም።»

ኮሚቴው ለብቻው ተነጋግሮ ሲመለስ ያቺ ጥያቄ ከቁጥር እንድትወጣ፣ የቀረው ውጤቴ እንዲጸድቅ ተስማማ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርስሻል አሉኝ። ሰብሳቢዋ ሲሰናበቱ በመጨረሻ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ወደፊት ጸጥ ያለ ቦታ ይምረጡ።»

አልፌያለሁ። ዲፕሎማው መጣ ማለት ነው፣ ቦታው የእኔ ነው ማለት ነው። እልል ማለት ነበረብኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ዞር ስል ግን አባቴ ሳሎን ውስጥ የሉም። ስዕሉ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው፤ አላወረዱትም። ወንድሜ ደወለ፤ ተሳክቷል ብዬ ዘጋሁበት። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታ እንደምትለው ጸጥ አለ። ጸጥታው አስጠላኝ።

ወጥ ቤት አገኘኋቸው። ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ አለ፤ ታቹ ላይ ስኳር አልሟሟም። የጥርስ መፋቂያ እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልለዋል። በግራ እጃቸው የመላጫ መስታወታቸውን ይዘው ምላሳቸውን አውጥተው ጥጡን ወደ ኋላ ያስነካሉ። አፋቸውን ዘጉ። ጠበቁ። ውሃ ተጉመጠመጡና እንደገና ነከሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ ልግባ ወይስ ልመለስ አላወቅኩም።

ሦስተኛ ሳይሞክሩ መስታወቱን አስቀመጡት።

«ያን ቀን» አሉ፣ ዞረው ሳያዩኝ። «አምስተኛ ክፍል። ጣፍጦሽ ነበር?»

«ጣፍጦኝ ነበር አባባ።»

ጥጡን ከእንጨቱ ላይ ቀስ ብለው አወለቁት። ሌሎቹም ጣፍጧቸው ይሆናል አሉ፤ ግን አንድም ልጅ አልተናገረም። ፈርተውኝ ነው አሉ። ስንት ጊዜ ልነግራቸው የፈለግሁት ነገር ነበር፤ አሁን ራሳቸው ሲሉት ግን እንዲያቆሙ ፈለግሁ። ዞር አሉና በሩ ላይ መቆሜን አዩ፤ ጀርባዬን መቃኑ ላይ አስደግፌ፣ እጄን አጣጥፌ።

«በይ ተቀመጪ» አሉኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።